መልስ፦ «ተጫዋቻችን በዕፅ ተያዘ» የሚለውን ፖስት ከቴሌግራም ግሩፑ ላጥፋው ወይስ ልተወው?

አጥፋው፤ ግን ዝም ብለህ አይደለም።

1. መጀመሪያ «ምንጩ ስላልተረጋገጠ አንስተነዋል፤ ክለቡ ወይም ፖሊስ ሲናገር እንመለስበታለን» ብለህ ጻፍና ፒን አድርገው።
2. ከዚያ ፖስቱን ለሁሉም አጥፋ።
3. ስሎው ሞዱን (አንድ አባል ከጻፈ በኋላ እንደገና ለመጻፍ የሚጠብቀውን ጊዜ) 5 ደቂቃ ላይ አድርገው።

ሳትናገር ካጠፋኸው «አድሚኑ ደበቀ» ይባልና ያው ስክሪንሾት ማታ ፒያሳ ዲኤስቲቪ ቤት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል።

የለጠፍከውን ምስል ደግሞ አስተውለህ እየው። የገጹ ራስጌ ተቆርጧል፣ ቀን የለውም፣ የሚለውም «በዕፅ» ብቻ ነው። ትልቁ ችግር እዚህ ጋ ነው። እኛ «ዕፅ» ስንል ዶፒንግም (ለብርታት የሚወሰድ የተከለከለ መድኃኒት)፣ መጠቀምም፣ ማዘዋወርም ሊሆን ይችላል፤ በምርመራ በሰውነቱ ውስጥ ኮኬይን የተገኘበትና ኮኬይን በማስገባት የተከሰሰ ሰው ግን በፍጹም አንድ አይደሉም። እውነተኛ ክስ ዝርዝር አለው። የኔዘርላንዱ እግር ኳስ ተጫዋች ኩዊንሲ ፕሮምስ ኮኬይን በማስገባት የመፈረዱ ዜና ሲወጣ ፍርድ ቤቱ (አምስተርዳም)፣ ቀኑ (ፌብሩዋሪ 14፣ 2024)፣ መጠኑ (ከ1,350 ኪሎ በላይ ኮኬይን)፣ ቅጣቱ (6 ዓመት) ሁሉም ተጽፎ ነበር። ያንተ ስክሪንሾት ከእነዚህ አንዱንም አልያዘም።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ «ወሬ ነው፣ እውነት ይሁን አላውቅም» ብሎ መልሶ መለጠፍ ላያድንህ ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሁከት ወይም ግጭት የማስነሳት ዕድሉ ከፍተኛ የሆነ ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት ያስቀጣል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት ከሆነ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት እስር ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። ስለዚህ ቻናሉ ላይም ፎርዋርድ አድርገኸው ከሆነ ዛሬውኑ አንሳው።