የአንባቢያን ጥያቄ፦ ቡናችን ውስጥ ያለው ጭራ ረዥም ወፍ

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች እንዴት ከርማችኋል። እኔ ዘጌ ነው ያደግኩት፣ ቡናችን ውስጥ ጭራው እንደ ሪባን የሚረዝም ቀይ ወፍ ድሮም አለ፣ ዘንድሮ ግን ልክ እሱን የመሰለ ጭንቅላቱ ጥቁር ሌላው ነጭ የሆነ አየሁ። አያቴን ብጠይቃቸው ነጩ ወንድ ነው ቀይዋ ሴት ናት፣ ጎጆ ላይ ተቀምጣ አይቻታለሁ አሉኝ። እውነት ነው? ደሞ ጎጆው ያለበትን ቅርንጫፍ ልንቆርጠው ነበር።

መልስ፦ ወንድማችን መጀመሪያ ቅርንጫፉን እባካችሁ አትቁረጡት፣ ሌላው ይደርሳል።

ነጩም ቀዩም አንድ ዓይነት ወፍ ነው፣ ሁለቱም ወንድ ናቸው። ሴቷ ቀይ ሆና ጭራዋ አጭር ነው። በሳይንስ ስሙ ቴርፕሲፎን ቪሪዲስ ይባላል፣ በኛ በምሥራቅ አፍሪካ በኩል ነጭ የሚሆኑ ወንዶች አሉ። አያትህ ግን ያዩት ልክ ነው፣ ምክንያቱም እንቁላሉን ወንዱም ተራ ገብቶ ይታቀፋል፣ ያኔ ያ ረዥም ጭራ ከጎጆው ወጥቶ ተንጠልጥሎ ይታያል፣ የታቀፈ ወፍ ያየ ሰው ሴት ናት ቢል አይፈረድበትም።

ጎጆውን ራቅ ብለህ እየው፣ ከቡና ሲኒ ብዙም አይበልጥም፣ ቀጫጭን ስርና ሳር በሸረሪት ድር አጣብቀው ነው የሚሰሩት፣ ውጪውን ደሞ ዛፍ ላይ የሚለጠፈውን ግራጫ ሽበት መሳይ ነገር ይለጥፉበታል፣ ስለዚህ ካላስተዋልከው ቅርንጫፉ ያበጠ ነው የሚመስልህ። ምግቡ ነፍሳት ነው፣ ጥላ ውስጥ ቅርንጫፍ ላይ ይቀመጥና ዝንብም የእሳት ራትም ሲያልፍ ተወርውሮ አየር ላይ ይይዛል።

የዚህ ወፍ ዘመዶች እስከ ጃፓን ድረስ አሉ። ሲሼልስ ላይ ያለው ወንዱ ድፍን ጥቁር ነው፣ ደኑ ተመናምኖበት ላ ዲግ የምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ብቻ ቀርቶ ነበር፣ በ2008 እ.ኤ.አ. 23 ወፎች ተይዘው ዴኒስ ወደምትባል ደሴት ተወሰዱና እዛም መራባት ጀመሩ። የኛው እንደዛ አልተቸገረም፣ ግን ጎጃም ውስጥ ጥቅጥቅ ያለ የሀገር ዛፍ የምታገኘው አብዛኛው ቤተ ክርስቲያን ዙሪያና እንደናንተ ያለ የቡና ጥላ ስር ነው፣ ያ ጥላ ዛፍ ከተቆረጠ የት ይሄዳል?

እንቁላል ከተጣለ ጀምሮ ጫጩቶቹ እስኪበሩ አንድ ወር ገደማ ነው፣ ከዛ በኋላ ቁረጡት። ልጆቹንም ጎጆውን በእጃቸው እንዳይነኩት አደራ በላቸው።