መመሪያው የታለ? እና ሌሎች የአንባቢያን ጥያቄዎች

ከኮምቦልቻ፦ ፕሬዚዳንቱ ምክር ቤቱ ያጸደቀውን አዋጅ አልፈርምም ቢሉ ሕጉ ቀረ ማለት ነው?

አልቀረም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 57 መሠረት በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረሙ ያለ ፊርማቸው ሥራ ላይ ይውላል።

ከደሴ፣ ፒያሳ፦ የልብስ ሱቅ ያላቸው እናት ናቸው። ደብዳቤያቸው ረጅም ነው፤ ቁጣውን ቀንሼ አቅርቤዋለሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ታፔላቸውን እንዲያወርዱ አዘዛቸው። ‹‹በምን ሕግ?›› ቢሉ ‹‹መመሪያ ወጥቷል››፤ ‹‹እስቲ ላንብበው›› ቢሉ ‹‹ለውስጥ አሠራር ነው›› ተባሉ።

እትዬ፣ ለውስጥ አሠራር ከሆነ የእርስዎ ታፔላ ምን አገባው? አዋጅ የሚያወጣው ምክር ቤት ነው፤ የፌዴራሉ አዲስ አበባ፣ የክልላችን ባሕር ዳር ተቀምጦ። ረቂቁ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል፣ ይከራከሩበታል፣ ድምፅ ይሰጥበታል፤ በመጨረሻም የፌዴራሉ በነጋሪት ጋዜጣ፣ የክልሉ በዝክረ ሕግ ታትሞ ይወጣል። ደንብ ከዚያ በታች ነው፤ በፌዴራል ደረጃ የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። መመሪያን ግን መሥሪያ ቤቱ ራሱ ጽፎ ራሱ ያስፈጽመዋል። ሱቅ በር ላይ ቀድሞ የሚደርሰውም እሱ ነው፤ አዋጁን አይተው የማያውቁ ሰዎች በመመሪያ ሲቀጡ ይኖራሉ።

ይህን ለማስተካከል አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ወጥቷል፦ የፌዴራል ተቋም የመመሪያ ረቂቁን ለሕዝብ አስተያየት ማቅረብ፣ ሲጸድቅም ማስመዝገብና በድረ ገጽ ማውጣት አለበት። የክልል መሥሪያ ቤቶችን ያ አዋጅ አይመለከትም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ግን የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ሲል ፌዴራልና ክልል ብሎ አልለየም። ስለዚህ በቃል አይከራከሩ። የመመሪያው ቁጥርና ቀን፣ እንዲወጣ የፈቀደው የአዋጅ ወይም የደንብ አንቀጽ እንዲገለጽልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ። ደብዳቤውን መዝገብ ቤት ገቢ ያስደርጉ፣ በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይ ማኅተም ያስመቱ። በመስኮት የሚመልስ ሰው ቁጥር ያለው ደብዳቤ ሲደርሰው አነጋገሩ ይለወጣል። የሕግ ባለሙያ ቢያማክሩም አይከፋም።

ከደሴ፣ ቧንቧ ውኃ፦ የባጃጅ ክላክስን የሚከለክል ረቂቅ ሕግ አዘጋጅቶ የላከልኝ ወጣት ለማን ላቅርበው ይላል።

ለከተማው ምክር ቤት፣ በመረጥኸው ተወካይ በኩል። ነገር ግን ልጄ፣ አንቀጽ 4 ላይ ያስገባኸውን እስራት አውጣው። ወንጀልና ቅጣቱን መደንገግ የፌዴራሉና የክልሉ ምክር ቤቶች ሥልጣን ነው። ክላክሱ እኔንም አስመርሮኛል፤ እስር ቤት ግን አልመኝለትም።

ከኮምቦልቻ፦ የነጋሪት ጋዜጣው አማርኛና እንግሊዝኛ ቢለያዩስ?

አማርኛው ይጸናል።

ከደሴ፦ ሱቄ ከታሸገ ሳምንት ሆነው፤ አዋጁ እንዲሻር ለማን ልጻፍ?

አዋጁን ለጊዜው ይተዉት። ዛሬውኑ ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ፤ ነገ አላልሁም። ለአቤቱታም ለይግባኝም የጊዜ ገደብ አለው፤ ቀኑ ካለፈ እውነት ይዘውም ሊሸነፉ ይችላሉ። የጠበቃ አቅም ከሌለዎ ነፃ የሕግ ድጋፍ የት እንደሚገኝ ፍርድ ቤት ወይም ወሎ ዩኒቨርሲቲ ጠይቁ ብለው ልጆችዎን ይላኩ። የተለጠፈውን ወረቀት ፎቶግራፍ ያንሡት፤ እሽጉን ግን እንዳይነኩ፣ መቅደድ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።