«ታፔላ አልነበረም፤ ለምን ተቀጣሁ?»፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቹ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው፤ ታፔላ በሌለበት መንገድ ላይ መኪና ስለማቆም። ጠያቂዎቹ አሜሪካ ውስጥ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ናቸው። ብዙዎቹ እንጀራቸው በመኪናቸው ላይ ነው። አንድ ቲኬት (የቅጣት ወረቀት) የግማሽ ቀን ልፋት ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ሙሉውን ለዚህ ሰጥቼዋለሁ።

አስቀድመን አንድ ነገር እንለይ። አንዳንዱ ሕግ ታፔላ ካልተተከለ አይሠራም። የሁለት ሰዓት ገደብ፣ የነዋሪ የማቆሚያ ፈቃድ፣ መንገድ የሚጠረግበት ቀን ከዚህ ይመደባሉ። ሌላው ግን ታፔላ ኖረም አልኖረም ይሠራል። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት አጥንተነው፣ ካርዱ እጃችን ሲገባ የረሳነው ይህንን ነው።

«ዩ ስትሪት አካባቢ ምሳ በልቼ ስወጣ ቲኬት ተለጥፎ አገኘሁ። ሃይድራንት አጠገብ አቁመሃል ይላል። ታፔላ የለም፣ የመንገዱም ጠርዝ ቀለም አልተቀባም። ብከራከር ያዋጣኛል?» (የታክሲ ሹፌር፣ ዲሲ)

አያዋጣህም ወንድሜ። ሃይድራንቱ፣ ማለትም የእሳት አደጋ ሠራተኞች ውሃ የሚወስዱበት የመንገድ ዳር ቧንቧ፣ ራሱ ታፔላ ነው። ቀለምም ባይኖር ሕጉ አይቀርም።

ርቀቱ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ዲሲ ውስጥ ከሃይድራንት ቢያንስ 10 ጫማ መራቅ አለብህ፤ ሦስት ሜትር ገደማ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ደግሞ 15 ጫማ ይላሉ። ጆርጂያ አቬኑን ይዘህ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስትወጣ፣ ኢስተርን አቬኑን እንዳለፍክ በዚያው መንገድ ላይ 5 ጫማ ተጨመረብህ ማለት ነው። «ድንበር አልፈሃል» ብሎ የሚነግርህ የለም።

ሦስቱንም ቁጥር ከምትሸመድድ አንድ ዘዴ ልንገርህ። በአንተና በሃይድራንቱ መካከል አንድ ኮሮላ የሚያስቆም ቦታ ተው። የኮሮላ ርዝመት ከ15 ጫማ ትንሽ አለፍ ይላል፤ ስለዚህ ሦስቱም ጋ ያወጣሃል።

ምክንያቱንም ማወቅ ጥሩ ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከሃይድራንቱ ውሃ የሚወስዱበት ቱቦ ወፍራም ነው። ውሃ ሲሞላ ይገተራል፤ ከታጠፈ ደግሞ ውሃው ይቀንሳል። የቆመ መኪና ዙሮ ማሳለፍ ደቂቃዎች ይበላል። እዚህ አገር ብዙው መኖሪያ ቤት በእንጨት የተሠራ ነው፤ እሳት ከያዘው ፋታ አይሰጥም።

«ልጄን ትምህርት ቤት ሳደርስ ከስቶፕ ሳይኑ (ከ‹ቁም› ምልክቱ) በፊት ለአምስት ደቂቃ አቆምኩ። ‹ማቆም ክልክል ነው› የሚል ነገር የለም። ዜብራም አልተሰመረም። ጥፋቴ ምንድነው?» (እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ)

እህቴ፣ የአንቺን ጥያቄ ረዘም አድርጌ ልመልሰው፤ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ ወደ ስቶፕ ሳይን በሚያስጠጋው በኩል 30 ጫማ ክፍት መሆን አለበት። ሁለት ኮሮላ ማለት ነው። በመስቀለኛ መንገድ ላይ ካለ የእግረኛ ማቋረጫ ደግሞ 20 ጫማ ትርቂያለሽ። ማቋረጫ የሚባለው በነጭ ቀለም የተሰመረው ብቻ አይደለም። የእግረኛው መንገድ ጥጉ ጋ አልቆ ማዶ ከቀጠለ፣ መሐሉ ባይሰመርም በሕግ ማቋረጫ ነው። ዲሲ ከስቶፕ ሳይን 25 ጫማ ይጠይቃል። ቨርጂኒያ ከመንገዱ ጥግ 20 ጫማ ይላል።

ይህ ሁሉ ቁጥር የወጣው ለዓይን ነው። ጥግ ላይ የቆመ መኪና፣ በተለይ ቫን ወይም ኤስዩቪ ከሆነ፣ እንደ ግድግዳ ይጋርዳል። የስድስት ዓመት ልጅ ቁመቱ ከመኪናው አፍንጫ ብዙም አይበልጥም። ሹፌሩ ልጁን የሚያየው ልጁ መንገዱ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። እኔ ራሴ አንድ ጠዋት ከቆመ ቫን ኋላ ስኩተር የሚነዳ ልጅ ብቅ ሲልብኝ ፍሬን ረግጬ ለጥቂት ተርፌያለሁ። እግሬ እስኪረጋ ድረስ መንዳት አቅቶኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ባዶ ቦታ ፍለጋ ሦስቴ ብዞርም ጥግ ላይ አላቆምም።

አምስት ደቂቃ መሆኑም አያድንም። ልጆቹ የሚሻገሩት በዚያችው አምስት ደቂቃ ነው። እባክሽ ከጥጉ ራቅ ብለሽ አቁሚና ልጅሽን በእጅሽ ይዘሽ ሂጂ።

«ምግብ አደርሳለሁ። ሀዛርድ (ብልጭ ድርግም የሚለውን የማስጠንቀቂያ መብራት) አብርቼ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ለሁለት ደቂቃ ብቆምስ?» (ወጣት፣ ዲሲ)

ሀዛርድ ፈቃድ አይሆንም። ዲሲ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ አውቶቡሶቹ ራሳቸው ላይ ካሜራ ተገጥሟል። ማቆሚያውን ወይም የአውቶቡስ መስመሩን የዘጋ መኪና ፎቶ ይነሳና ቲኬቱ በፖስታ ይመጣል። በዊልቸር የሚሄድ ተሳፋሪም አውቶቡሱ ጠርዙን ካልተጠጋለት መውረድ ይቸግረዋል።

«ቤቴ ለቅሶ ነበር። ሊያጽናኑኝ ከመጡት ሦስቱ ‹በተቃራኒ አቅጣጫ ቆማችኋል› ተብለው ተቀጡ። አንድ ጎረቤትም የመኪና መውጫዬ ተዘጋ ብሎ ፖሊስ ጠራ። በሐዘኔ ላይ ሐፍረት ተጨመረብኝ።» (እናት፣ ሜሪላንድ)

እግዚአብሔር ያጽናዎት እናቴ። ማፈር የለብዎትም፤ ይህ በየለቅሶው፣ በየክርስትናው የሚያጋጥም ነው። አዲስ አበባ «ና፣ ና፣ በቃ!» እያለ የሚያስቆምልን ልጅ አይጠፋም። እዚህ ያ ሰው የለም።

መኪና የሚቆመው ትራፊኩ በሚሄድበት አቅጣጫ ነው። የቀኝ ጎማዎቹ ከጠርዙ ከ12 ኢንች መብለጥ የለባቸውም። ለዚህ ታፔላ አይተከልም። ጎረቤትዎን በተመለከተ፣ የሜሪላንድ ሕግ የግል መውጫ ፊት ማቆምን የሚከለክለው የቤቱ ሰው ካልፈቀደ ነው። ስለዚህ ከዘመድ አንዱ አስቀድሞ በር አንኳኩቶ «ሐዘን ደርሶብን ነው፣ ሰው ይበዛል» ቢል ብዙ ነገር ይለሰልሳል። ለአርባው ደግሞ ሁለት ወጣቶች ደጅ ቆመው መኪኖቹን ያስተናግዱ።

«የነዋሪ ፈቃድ የለህም ተብዬ ዲሲ ተቀጣሁ። ባዶ ብረት ብቻ ነው የቆመው፤ ታፔላው ወድቋል። ዝም ብዬ ልክፈል?» (የሌሊት ሠራተኛ፣ አሌክሳንድሪያ)

እንዳትከፍል! ከከፈልክ ጥፋቱን አመንክ ማለት ነው። ያንተ ጉዳይ በታፔላ ላይ ብቻ የቆመ ሕግ ስለሆነ መከራከሪያ አለህ።

ዛሬውኑ ተመልሰህ ፎቶ አንሳ። ባዶውን ብረት፣ መኪናህ የነበረበትን ቦታ፣ የቤት ቁጥር የሚታይበትን በር። ከዚያ ከጥግ እስከ ጥግ በእግርህ ሂድና መንገዱን ሁሉ በቪዲዮ ቅረጽ። ይህን አትዝለል። ሌላኛው ጫፍ ላይ ቀስት ያለው ታፔላ ቆሞ ከተገኘ «ነበረ እኮ» ይሉሃል። ከሌለ ግን ቪዲዮህ ምስክር ነው። ከዚያ ወደ ከተማው የአገልግሎት ስልክ 311 ደውለህ ታፔላው መውደቁን አመልክትና የሚሰጡህን ቁጥር ያዝ። እሱንም ከማስረጃህ ጋር ታያይዘዋለህ። ክርክሩን በኢንተርኔት ወይም በፖስታ ማቅረብ ትችላለህ፤ ሥራ መቅረት አይጠበቅብህም። ቲኬቱ ላይ የተጻፈው ቀን ግን አይለፍህ። ዲሲ በጊዜው ካልመለስክ ቅጣቱን እጥፍ ያደርገዋል።

«ማታ ሳቆም ምንም አልነበረም። ጠዋት ዛፉ ላይ የወረቀት ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ መኪናዬም የለም!» (አንባቢ፣ ዲሲ)

መጀመሪያ 311 ደውዪ። ተሰርቋል ብለሽ አትደንግጪ፤ ብዙ ጊዜ መኪናው እዚያው አካባቢ ሌላ መንገድ ላይ ተወስዶ ቆሞ ይገኛል። በመኖሪያ ሰፈር እንዲህ ያለው ጊዜያዊ ክልከላ ከ72 ሰዓት በፊት መለጠፍ አለበት። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ቀንና ሰዓት በደንብ አንስተሽ ያዢ። ጎረቤትሽ በሩ ላይ ካሜራ ካለው፣ ወረቀቱ መቼ እንደተለጠፈ የሚያሳየውን ምስል ሳይጠፋ ዛሬውኑ ለምኚው።