ስለ ዶዶ ለጠየቃችሁኝ

ዶዶ መብረር የማይችል፣ ከምድር የጠፋ ወፍ ነው። ጥያቄዎቻችሁ ብዙ ናቸው፤ በየተራ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ዶዶ የት ነበር የሚኖረው?

መልስ፦ ሞሪሸስ ብቻ። ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ያለች ደሴት ናት።

ጥያቄ፦ የሰጎን ዘመድ ነው እንዴ?

መልስ፦ አይደለም፣ እርግብ ነው! ቅድመ አያቶቹ በርረው ደሴቷ ላይ ደረሱ፣ እዚያው ቀሩ። የሚያሳድዳቸው አውሬ አልነበረም። ከብዙ ትውልድ በኋላ ክንፋቸው አነሰ፣ አካላቸው ገዘፈ። ዛሬ በሕይወት ካሉት በዘር የሚቀርበው የኒኮባር እርግብ ነው፤ እሱ ግን በደንብ ይበርራል።

ጥያቄ፦ መልኩስ ምን ይመስል ነበር?

መልስ፦ ቁመቱ አንድ ሜትር ገደማ ነው። ላባው ግራጫ፣ ወደ ቡናማ የሚያደላ፤ ጭራው ላይ ጥቂት የተጠቀለሉ ላባዎች ነበሩት። ፊቱ ላባ የለውም። ምንቃሩ ትልቅ ነው፣ ጫፉም ወደ ታች የታጠፈ። እግሩ ወፍራምና ጠንካራ ነበር። ክብደቱ ላይ ተመራማሪዎች አይስማሙም፤ ብዙዎቹ ከ10 እስከ 18 ኪሎ ይገምታሉ። ያ ሁላችንም የምናውቀው ድቡልቡል ዶዶ የአውሮፓ ሠዓሊዎች ሥራ ነው። ሕንድ ውስጥ፣ በጊዜው አገሩን ይገዙ በነበሩት በሙጋሎች ቤተ መንግሥት በ1620ዎቹ ገደማ የተሳለው ቀጠን ያለ ነው። እኔ የማምነው ይሄኛውን ነው።

ጥያቄ፦ ደደብ ስለነበር ነው የጠፋው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ይሄ አባባል ያናድደኛል። የራስ ቅሉ በስካን ሲለካ የአንጎሉ መጠን ለአካሉ የሚመጥን፣ ከእርግቦች የማያንስ ሆኖ ተገኝቷል። ሰው ሲጠጋው አይሸሽም ነበር፤ ሰው አይቶ የማያውቅ ወፍ ለምን ይሸሻል?

ጥያቄ፦ ታዲያ ሆላንዶች በልተው ጨረሱት?

መልስ፦ በልተውታል፣ ግን እነሱ ብቻ አይደሉም። በ1598 ደሴቷ ላይ ሲያርፉ ቁጥራቸው ጥቂት ነበር። የከፋውን ጉዳት ያደረሱት በመርከብ የመጡት እንስሳት ናቸው፦ አሳማ፣ ጦጣ፣ አይጥ። ዶዶ ጎጆውን የሚሠራው መሬት ላይ ነው። የዘመኑ ጽሑፎች እንደሚሉት የሚጥለውም አንድ እንቁላል ብቻ ነበር። ያ አንዱ ከተበላ አለቀ። ጫካውም እየተመነጠረ ሄደ። ብዙዎች የሚቀበሉት የመጨረሻ የዓይን ምስክር የ1662 ነው።

ጥያቄ፦ አካሉ የተረፈ አለ?

መልስ፦ አጥንት በብዛት አለ፤ በ1865 ሞሪሸስ ውስጥ ማር ኦ ሶንዥ ከሚባል ረግረግ ወጥቷል። ቆዳ የቀረው ግን ኦክስፎርድ ሙዚየም ያለው ራስ ላይ ነው። ለንደን ውስጥ በሕይወት ሳለ ለሕዝብ ይታይ የነበረ የአንድ ዶዶ ራስ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። በ2018 ስካን ሲደረግ ከራሱ በስተኋላና አንገቱ ላይ የእርሳስ ጥይት ፍንጣሪዎች ተገኙ። ተተኩሶበታል ማለት ነው። እስካሁን ውስጤን የሚረብሸኝ ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ እንደገና ሊፈጠር ይችላል?

መልስ፦ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ በ2023 እሞክራለሁ ብሏል፤ መነሻው የኒኮባር እርግብ ነው። ቢሳካ እንኳ የሚፈለፈለው ዶዶን የሚመስል እርግብ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ማረፊያው ነው፤ ሞሪሸስ ላይ አይጡም ጦጣውም ዛሬም አለ፣ የጥንቱ ጫካ ግን የቀረው ጥቂት ነው።