ግራጫው ግድግዳ ለምን ሰማያዊ መሰለ? ስለ ሙቅና ቀዝቃዛ ቀለሞች ለቀረበው ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ሰላም ለእርስዎም ለቡድኑ አባላትም። «ሰሜን የሚያየውን የአዲስ አበባ ሳሎኔን በኅዳር ፈዘዝ ያለ ግራጫ አስቀባሁት፤ ግድግዳው ላይ ግን ሰማያዊ ሆነብኝ፣ ቤቱም የሚበርድ መሰለኝ፤ በብርቱካናማ ላስለውጠው ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። ከአሥር ዓመት በላይ በቤት ውስጥ ቀለም ሥራ ስለቆየሁ ይህ ችግር በየዓመቱ ይገጥመኛል። መልሴ ለጊዜው አያስለውጡት የሚል ነው፤ ምክንያቱን ግን ዘርዘር አድርጌ ላስረዳዎት።

ቀይ፣ ብርቱካናማና ቢጫ እሳትንና ፀሐይን፣ ሰማያዊና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ደግሞ ውኃንና ጥላን ስለሚያስታውሱን፣ የፊተኞቹን ሙቅ የኋለኞቹን ቀዝቃዛ ማለቱ ብዙ ሰው ይስማማበታል። ይሁን እንጂ ዓይናችን ይህን ፍርድ የሚሰጠው ቀለሙን ብቻውን አይቶ ሳይሆን በአጠገቡ ካለው ቀለምና ካረፈበት ብርሃን ጋር እያመዛዘነ ነው። ግራጫ ደግሞ የራሱ ጉልበት ስለሌለው ጎረቤቱ በቀላሉ ይመራዋል።

ሼቭረል የተባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1824 በፓሪሱ የጎብለን ሥጋጃ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ሲሾም፣ ጥቁሩ ክር ደብዛዛ ነው የሚል ቅሬታ ቀረበለት። ክሩን ከሌላ ቦታ ከመጣ ጥቁር ክር ጋር ሲያስተያየው አንዳች ጉድለት አላገኘበትም፤ ደብዛዛ ያስመሰለው ከሰማያዊና ከሐምራዊ ክሮች ጋር ተጠጋግቶ መሸመኑ ነበር። በ1839 ባሳተመው ጥናቱም ጎን ለጎን የሆኑ ቀለሞች አንዱ ሌላውን ወደ ራሱ ተቃራኒ እንደሚገፋው አስረዳ። ጥበብ የሚሠሩ ሸማኔዎቻችንም ቀዩን ክር ከቢጫ አጠገብ ሲያስገቡትና ከሰማያዊ አጠገብ ሲያስገቡት ሁለት ቀይ ሆኖ እንደሚታይ በእጃቸው ያውቁታል። በለጠፉት ፎቶ ላይ ሶፋዎ የሸክላ መልክ ያለው ብርቱካናማ፣ ወለሉም ቀላ ያለ ሴራሚክ ነው። የብርቱካናማ ተቃራኒ ሰማያዊ ስለሆነ ግራጫውን በከፊል ወደ ሰማያዊ የገፋው የራስዎ ሶፋ ነው።

ቀሪውን ያደረገው ብርሃኑ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ከመስከረም መባቻ ጀምሮ እስከ ሚያዝያ መግቢያ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ስለዚህ በኅዳር በሰሜን መስኮት የሚገባው የፀሐይዋ ጨረር ሳይሆን የጠራው ሰማይ ሰማያዊ ብርሃን ነው። ፀሐይዋ በስተሰሜን ከምትሆንባቸው ወራት በአብዛኞቹ ደግሞ ክረምቱ ገብቶ ደመናው ብዙ ጊዜ ይጋርዳታል። ደቡብ የሚያይ ጎረቤትዎ ይህንኑ ግራጫ ቢቀባ ምናልባት በጣም ይወደው ነበር።

ማታ ደግሞ አምፖሉ አለ። የኤልኢዲ አምፖል ካርቶን ላይ 2700፣ 3000 ወይም 6500 ኬልቪን የሚል ቁጥር ይጻፋል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ኬልቪን የሙቀት መለኪያ ስለሆነ ይህ ብዙ ሰውን ያደናግራል። ብረት በእሳት ሲግል መጀመሪያ ይቀላል፣ ቀጥሎ ቢጫ ይሆናል፣ ግለቱ ሲያይል ይነጣል፤ በፊዚክስ ሰማያዊው የበለጠ የጋለው ነው፣ ለዓይናችን ግን ቀዝቃዛው እርሱ ነው።

በዚህ ረገድ የራሴን ስህተት መናገር ይገባኛል። ከዓመታት በፊት የአንዲት አነስተኛ ምግብ ቤት ግድግዳ ፈዛዛ አረንጓዴ ቀባሁና 6500 ኬልቪን አምፖሎች እንዲሰቀሉ አደረግሁ። ቀን ላይ ያማረው ክፍል ማታ የተመጋቢውን ፊት አገረጣው፤ ቀይ ወጡም በትሪው ላይ ወደ ቡናማ ጠቆረ፣ ምክንያቱም የአምፖሉም ከግድግዳው የሚንጸባረቀውም ብርሃን ቀይ ያንሰው ነበር። ባለቤቷ ግድግዳው እንደገና ይቀባ ስትል አምፖሎቹን ብቻ በ3000 ቀየርናቸው፤ ወጡ በዚያው ምሽት መልኩን አገኘ። ከዚያ ወዲህ አምፖሉን ሳላይ ቀለም አልመርጥም።

ቀለም ቀቢ ሲያናግሩም ስለ ቃሉ ይጠንቀቁ። «ሞቅ ያለ ቀለም» ሲባል ብዙዎቻችን የምንሰማው ደማቁን ነው፤ ሙቅ መሆንና ደማቅ መሆን ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ክሬም ፈዛዛ ሆኖ ሙቅ ነው፤ ደማቅ ሰማያዊ የቱንም ያህል ቢደምቅ ቀዝቃዛ ነው። ያሰቡት ብርቱካናማ ሁለቱንም ነው። ደማቅ የሆኑ ሙቅ ቀለሞች ለአብዛኛው ዓይን ቀረብ ብለው ስለሚታዩ ጠባብ ሳሎንን ይበልጥ ያጠቡታል፤ ሶፋዎም ግድግዳው ውስጥ ይሰወራል።

ስለዚህ መጀመሪያ አምፖሎቹን ወደ 3000 ኬልቪን ይለውጡና አንድ ሳምንት ይኑሩበት። ነጭ መጋረጃዎን ወደ ክሬም መቀየርም በእርሱ በኩል የሚገባውን ብርሃን ስለሚያሞቀው ይረዳል። ይህ ሁሉ ካልበቃዎ ግራጫውን ሳይተዉ ጥቂት ቢጫና ቡናማ የገባበትን ግራጫ ያስበጥብጡ፤ በቀለም ናሙናው ካርድ ላይ ነጭ ወረቀት ቢያስጠጉበት ግራጫው ወዴት እንደሚያደላ ወዲያው ይታያል። ከዚያ ጋሎን ከመግዛትዎ በፊት 50 በ50 ሳንቲ ሜትር በሆነ ቺፑድ ላይ ሁለት እጅ ይቀቡና፣ ሲደርቅ ከሶፋው ጀርባ አቁመው ጠዋት፣ ቀትርና አምፖል ከበራ በኋላ ይዩት። የአሁኑ ግራጫ በዳር በኩል እንዳይታይና ዓይንዎን እንዳያሳስት ቺፑዱን በሰፊ ነጭ ወረቀት ላይ ያድርጉት።