አፈሙዙን አትቁረጡት፣ ቅያሪ ግዙ

ሰሞኑን ዴንቨር የሚኖረው የእህቴ ልጅ ደወለልኝ። "ጋሼ፣ ያገለገለ ሞስበርግ 500 ሾትገን ገዝቻለሁ፣ አፈሙዙ 28 ኢንች ነው፣ ቤት ውስጥ ከበሩም ከግድግዳውም ይጋጭብኛል፣ በመጋዝ ላሳጥረው ወይ?" አለኝ። እኔን የጠየቀኝ ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት ውስጥ ስላደግኩና አሜሪካም 16 ዓመት ሙሉ ብረት ስቆርጥ ኖሬ ስለተመለስኩ ነው። እንዳትነካው አልኩት። ለእናንተም የምለው ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ ሕጉን እወቁ። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ የሾትገን አፈሙዝ ከ18 ኢንች፣ ጠመንጃው በሙሉ ደግሞ ከ26 ኢንች ማነስ የለበትም። በፈረንጆቹ ከ1934 ጀምሮ ያለ ሕግ ነው። ቀድሞ ፈቃድ ሳያወጣ ከዚያ በታች ያሳጠረ ሰው እስከ 10 ዓመት ሊታሰር ይችላል። የየስቴቱ ሕግ ከዚህም ሊጠብቅ ስለሚችል እሱንም ጠይቁ። ግሪን ካርድ ላይ ያላችሁ ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ፣ ምክንያቱም በመሣሪያ ወንጀል የተፈረደበት ዜግነት የሌለው ሰው ከአገር ሊባረር ይችላል። ስንት ዓመት የለፋችሁበት ኑሮ፣ ልጆቻችሁ፣ ቤታችሁ፣ ሁሉም በግማሽ ኢንች ብረት!

"በደንብ ለክቼ ነው የምቆርጠው" የሚል አይጠፋም። አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ ሰውም እንደዚያ ብሎ ነበር። ልክ 18 ላይ ምልክት አድርጎ በብረት መጋዝ ቆረጠ። መጋዙ ጠመመበት። ጫፉን ላስተካክል ብሎ በሞረድ ሲሞርድ፣ ሲሞርድ፣ መልሶ ቢለካው ከ18 በታች ወርዷል። ብረት አይቀጠልም። በድንጋጤ ጠበቃ ጋ ሮጠ፣ በመጨረሻም አዲስ አፈሙዝ ከመግዛት አልዳነም።

ሕጉን ብናልፍ እንኳ ጠመንጃው ይበላሻል። የአፈሙዙ ጫፍ ውስጡ ጠበብ ይላል፣ ቾክ የሚሉት እሱ ነው። ከአንዱ የሾትገን ጥይት የሚወጡት ትናንሽ እርሳሶች ቶሎ እንዳይበታተኑ የሚይዛቸው እሱ ነው፣ ጫፉን ስትቆርጡት ግን አብሮ ይሄዳል። ጫፉ ላይ ያለችው ማነጣጠሪያም እንደዚያው። ከዚያ በኋላ ዳክዬ አደን ልውጣ ብትሉ በዚያ ጠመንጃ ሩቅ መምታት ዘበት ነው። ባለ ሁለት አፈሙዙን ደግሞ ጭራሽ አትንኩት። ሁለቱ ቱቦዎች በብየዳ የተያያዙ ስለሆኑ ሲቆረጡ መገጣጠሚያው ሊከፈት ይችላል።

ቅያሪው ግን ቀላል ነው። እንደ ሞስበርግ 500 እና ሬሚንግተን 870 ያሉት አፈሙዛቸው የሚፈታ ነው። ባዶ መሆኑን ሁለቴ አይታችሁ ማሰሪያውን ትፈታላችሁ፣ አሮጌውን ታወጣላችሁ፣ አዲሱን ታስገባላችሁ፣ በቃ። ፋብሪካው ራሱ የሠራው 18.5 ኢንች አለ። ስትገዙ ሞዴሉ፣ ጌጁ (የአፈሙዙ የውስጥ ስፋት፣ 12 ወይስ 20) እና የጥይት ቱቦው ርዝመት መግጠሙን አረጋግጡ። ባለ 5 ጥይቱ ሞስበርግ 500 አፈሙዝ ባለ 8ቱ ላይ አይገጥምም። ረጅሙን ዘይት ቀብታችሁ አስቀምጡት፣ ለአደን እሱ ያስፈልጋችኋል።

ይህ ሁሉ የአሜሪካው ነው። እንግሊዝ አገር ወሰኑ 24 ኢንች ነው። ካናዳ ቆርጦ ከ457 ሚሊ ሜትር በታች ማውረድ ጠመንጃውን የተከለከለ ያደርገዋል። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ውስጥ ደግሞ አፈሙዙ ለብቻውም እንደ ጠመንጃው ቁጥጥር አለበት፣ ስለዚህ ዝም ብላችሁ በኢንተርኔት እንዳታዙ።

ደሴ ያለ አባት ወይም አጎት "ስትመጣ መሣሪያ ይዘህልኝ ና" ማለቱ አይቀርም። እኔንም ብለውኛል። አገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፣ ያለ ፈቃድ ማስገባት ወንጀል ነው። አፈሙዝም ሆነ ሌላ ዕቃ በሻንጣ እንዳትሞክሩት። ቢቀየሙም ቦሌ ላይ ተይዛችሁ የደሴ መንገድ ላይ ያለውን ሐረጎን ሳታዩ ከምትቀሩ ይቀየሙ።

የእህቴ ልጅ ትናንት ፎቶ ላከልኝ። ባለ 18.5ቱን ገዝቶ ገጥሞታል፣ ረጅሙም ከነዘይቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል።