«ጨጓራዬን ላስቀንስ ወይ?»

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው። ዕድሜዬ 36፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ62፣ ክብደቴ 118 ኪሎ ነው። ስኳር ከያዘኝ ቆይቷል። ሜትፎርሚን እውጣለሁ፣ ማታ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ጉልበቴም ደረጃ አላስወጣ ብሎኛል። ስንት ጊዜ ቀንሼ ስንት ጊዜ እንደተመለሰብኝ አልነግርዎትም። ዱባይ ያለችው እህቴ «ቱርክ ሄደሽ ጨጓራሽን አስቀንሺ፣ ወጪው በእኔ ይሁን» ትለኛለች። ባለቤቴ «አፍሽን ብትዘጊ ይበቃል» ይላል። ሕክምናው ስቡን ቆርጦ ማውጣት ነው? ጾሜንስ እንዴት አደርጋለሁ? አንድ ልጅ ለመጨመርም አስበን ነበር።

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የባለቤትሽን ነገር ላንሳ። ይህን መልስ እሱም ቢያነበው ደስ ይለኛል። ሰውነት ኪሎ ሲቀንስ ዝም ብሎ አያይም። የረሃብ ሆርሞን ይጨምራል፣ ጉልበት መቆጠብ ይጀምራል፣ የሄደውን ለመመለስ ይታገላል። በዚያ ላይ ኢንሱሊን ራሱ ክብደት ይጨምራል። አንቺ ሰነፍ ሆነሽ አይደለም። በስኳር ክትትል ክፍል ስሠራ እንደዚህ የሚያናድደኝ ነገር የለም፦ ታማሚ በክብደቱ ሲሰደብ ማየት።

ክብደትሽን በኪሎ ለቁመትሽ በሜትር፣ ውጤቱን እንደገና ለቁመትሽ ስናካፍለው 45 ይመጣል። ከ30 በላይ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል፤ 40 እና ከዚያ በላይ ከባዱ ደረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 አሜሪካ ውስጥ የወጣው መመሪያ ቀዶ ሕክምናውን የሚፈቅደው ከ40 ጀምሮ ነበር፤ ስኳርን የመሰለ ሕመም ካለ ደግሞ ከ35። እ.ኤ.አ. በ2022 ተሻሽሎ ተጓዳኝ ሕመም ለሌለውም ከ35 ጀምሮ ሆኗል። በየትኛውም ብትለኪ አንቺ ትገቢያለሽ። ስለዚህ የእህትሽ ሐሳብ የቅንጦት አይደለም።

ስብ ግን አይወጣም። የሚነካው ጨጓራና አንጀት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ ይሠራል። ስሊቭ የሚባለው ከጨጓራሽ 80 በመቶ ያህሉን ቆርጦ ያወጣና ሙዝ የሚመስል ቀጭን ቱቦ ይተውልሻል። የተቆረጠው አይመለስም። የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚመረተው በሚወጣው ክፍል ስለሆነ ረሃቡም ይቀንሳል። ባይፓስ ደግሞ ከላይ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ብቻ ለይቶ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ያገናኛታል። ቃር ካለብሽ ለሐኪሙ ሳትነግሪው አትቅሪ፤ ስሊቭ ቃርን ሊያባብስ ይችላል። ለስኳር ባይፓስ የተሻለ ውጤት አለው።

ብዙ ሰው በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ከክብደቱ ሩብ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። በአንቺ ክብደት 30 ኪሎና ከዚያ በላይ ማለት ነው። ለጉልበትሽ ትልቅ እፎይታ ነው። በኋላ ጥቂቱ የሚመለስባቸው አሉ። ስኳሩም ኢንሱሊን እስከማቆም ሊሻሻል ይችላል፤ ከቆየ ግን ዕድሉ ይቀንሳል። ከቀዶው በኋላ ስኳር በቀናት ውስጥ ስለሚወርድ በድሮው መጠን ኢንሱሊን መውጋት ራስን ያስታል። መጠኑን ሐኪም ያስተካክልልሽ።

አሁን ወደ ቱርክ ጉዳይ። እኔን የሚያሳስበኝ አገሩ አይደለም፤ እዚያ ጎበዝ ሐኪሞች አሉ። የሚያሳስበኝ አዳማ ከተመለስሽ በኋላ ማን ያይሻል የሚለው ነው። የተሰፋው ቦታ ሊያፈስ፣ እግር ላይ የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ሲደርስ ግን ሰዓታት ይወስናሉ፤ ቤትሽ ከገባሽ በኋላም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት አዲስ አበባም ቢሆን የሚከታተልሽ ቀዶ ሐኪም አግኚና ፊት ለፊት ተነጋገሪ። ካላገኘሽ አትሂጂ። ስትመለሺ ምን እንደተሠራልሽ በዝርዝር የተጻፈበትን ወረቀት ይዘሽ ነይ፤ ፎቶ አንሺና ስልክሽ ላይ አስቀምጪው። ትኩሳት፣ በጣም የፈጠነ የልብ ምት፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የማይለቅ የሆድ ሕመም ከመጣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

አንድ ነገር ለብቻው ልበል፣ ብዙ ጊዜ ስለሚዘነጋ። ማስታወክ ለቀናት ካልቆመ ቫይታሚን ቢ1 ያልቅና አንጎልና ነርቭ ይጎዳል። ግሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት ቢ1 መሰጠት አለበት። ይህን አንቺም ባለቤትሽም በቃላችሁ ያዙት። ከዚያ ውጪ ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ዕድሜ ልክ ይወሰዳሉ፤ በየጊዜውም የደም ምርመራ አለ። እህትሽ ወጪ ስታሰላ ይህንንም ትደምረው። ለጉልበትሽ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ የምትወስጂ ከሆነ፣ በተለይ ባይፓስ ከተሠራልሽ፣ ያ ያበቃል፤ ቁስለት ያመጣል።

አበላልሽ ይለወጣል። መጀመሪያ ፈሳሽ ብቻ፣ ከዚያ የተፈጨ፣ ቀስ እያለ ለስላሳ ምግብ። ከገበታ ላይ የሚከብድሽ ጉርሻው ይመስለኛል። «በሞቴ» የሚል ዘመድ ሁለት ጉርሻ ቢጨምርልሽ ያስመልስሻል። ቀድመሽ ለቤተሰቡ ንገሪ፣ አትፈሪ። ከምግብ ጋር አትጠጪ፤ ግማሽ ሰዓት ቆዪ። በቀረው ጊዜ ውኃ በትንሽ በትንሹ ሳታቋርጪ ጠጪ፤ የአዳማ ሙቀት ቀልድ አያውቅም። ጠበልም ከሆነ በጥቂት በጥቂቱ እንጂ በጆግ አይሆንም።

ለጾሙ የንስሐ አባትሽን ከቀዶው በፊት አነጋግሪ። በመጀመሪያዎቹ ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውኃ መቆየት አትችዪም። በቀን 60 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልግሻል፤ በዚያች ትንሽ ጨጓራ በምስርና በሽሮ ብቻ መሙላት ይከብዳል። እንቁላልና ወተት ለጊዜው መድኃኒትሽ ናቸው። ረመዳን ለሚጾሙ አንባቢዎችም ይኸው ነው፤ ሐኪም ሳይፈቅድ አይጀመር።

ልጁን በተመለከተ፣ ከቀዶው በኋላ ቢያንስ ከ12 እስከ 18 ወር ጠብቂ። ክብደት ሲቀንስ ማርገዝ ይቀላል፣ ስለዚህ ሳታስቢው ሊመጣ ይችላል። ባይፓስ ከሆነ የሚዋጥ መከላከያ በደንብ ላይሠራ ስለሚችል በክንድ የሚቀበረውን ወይም ሉፕን ከቀዶው በፊት አስገቢ። ከማርገዝሽ በፊት ብረትሽና ቢ12ሽ ይታይ።